አንዴ ከተለኮሰ የማይጠፋው ምድጃ

ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ ለበራሶ፤

እንደምነህ ብዬ ብጠይቅህ መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ እያለህም ቢሆን ደብዳቤ መመለስ አትወድም ነበር። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ስትሄድ ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር። ይኸው ዝናቡ ተመልሶ መጥቶ የጓሮው እንሰት ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ስወጣ ያስቸግረኛል፤ እሱም ቢሆን አንተ የምታውቀው አመሉ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ትናንት የሆነውን ልነግርህ ነው። ትናንት ከዲላ ልሄድ ነበር። ልጃችን ዳንኤል ጠቅልሎ አዋሳ ሊወስደኝ መጥቶ፣ ዕቃዬ ታስሮ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር። አልሄድኩም። ያላስኬደኝ ያንተ ምድጃ ነው። ስለዚህ አንተን የምወቅስበትም የማመሰግንበትም ነገር ስላለኝ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ሁሉም ነገር የመጣው ከዚያ ከዱመርሶው ዋንዛ ነው። ቤተሰቦችህን ልንጠይቅ ዱመርሶ የሄድን ቀን፣ ከቡናው መሃል ቆሞ የነበረው ትልቁ ዋንዛ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቶ አገኘነው። ከሥሩ እየተጫወትክ እንዳደግክ ስንቴ ነግረኸኝ ነበር። አጎትህ ለማገዶ ነጋዴ ሸጠውት ኖሯል። ጥላ ያጡት የቡና ዛፎች ፀሐይ መትቷቸው ቅጠላቸው ገርጥቷል። አጎትህን እንደ ደንቡ ተሰናበትካቸው። ስንመለስ ግን በመንገዱ ላይ እንጨት ተሸክመው ወደ ዲላ የሚወርዱትን ሴቶች እያንዳንዳቸውን ዞር ብለህ ስታይ ነበር። ቤት ስንደርስ ማድቤቱ ጥግ ከደረደርኩት ፍልጥ ፊት ቆምክና ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እንጨትም ከሰልም አይነድም አልክ። ንዴት ነው፣ ሲያድር ይለቅሃል ብዬ ተውኩህ። አልለቀቀህም።

በምትሠራበት የቡና መቀሸሪያ ግቢ ውስጥ የቡና ገለባ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ይውል ነበር። ዝናብ ሲጥል እየታጠበ ወንዝ ይገባል እንጂ የሚፈልገው ሰው አልነበረም። አንተ ፈለግከው። በሳምንቱ ማብቂያ በአህያ አስጭነህ መጣህና ጆንያዎቹን ማድቤት ካሉ ዝናብ ያገኛቸዋል ብለህ መኝታ ቤታችን ውስጥ ደረደርካቸው። በራሶ፣ ስንጋባ እናቴ ብዙ ነገር መክራኝ ነበር፤ ከገለባ ጋር አንድ ክፍል እንደምጋራ ግን አልነገረችኝም። ከገለባው ጋር አይጥ መጣ። ክረምት ሲሆን ደግሞ እርጥበቱ ዘልቆት ጠጅ ጠጅ መሽተት ጀመረ። በሕይወትህ መጠጥ ቀምሰህ የማታውቅ ሰው ሆነህ ቤትህ ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይሸት ነበር።

ምድጃውን የሠራኸው ከትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ነው። ክዳኑን ቆርጠህ ጣልክ፤ ከግርጌው ቀዳዳ ከፈትክለት። በቀዳዳው ዱላ ትሰካለህ፣ መሃሉ ላይ ጠርሙስ ታቆማለህ፣ ዙሪያውን ገለባውን እየጠቀጠቅክ ትሞላዋለህ። ከዚያ ዱላውንም ጠርሙሱንም ቀስ ብለህ ትስባቸዋለህ። የነበሩበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከሥር ስትለኩሰው እሳቱ በዚያ ይወጣል። አናጢዎች ሰጋቱራ ሲያነዱበት አይተህ ነው የተማርከው። አሁን ስናገረው ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያ ሰሞን ግን ገለባው እየተናደ እሳቱን ሲያፍነው፣ አንተ ተንበርክከህ እፍ ስትል፣ ዓይንህ በርበሬ መስሎ፣ ቆሎ በልተን ያደርንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የጠርሙሱንም ነገር አልረሳም። የለስላሳው ቀጠነ፣ የዘይቱ ወፈረ፤ ልክ የሆነው የቢራ ጠርሙስ ብቻ ነበር። አንተም ምን ገዶህ፣ በጠራራ ፀሐይ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ቡና ቤት ገብተህ የቢራ ጠርሙስ በእጅህ ይዘህ ወጣህ። ቤት ከመድረስህ በፊት ወሬው ቀድሞህ ደረሰ። ማታውኑ ከጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች አንዱ ሊመክሩህ መጡ። እሳቸው ስለ ፈተናና ስለ መውደቅ ረጋ ብለው ሲያወሩ፣ አንተ ስለ ምድጃው የሰሙ መስሎህ፣ መውደቁንስ አሁን ትቷል፣ የሚያስቸግረኝ ጭሱ ነው አልካቸው። ሰውዬው እኔን በሐዘን ተመለከቱኝ። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጠርሙሱ ገለባው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ እስኪያዩ ድረስ አላመኑህም፤ ካዩ በኋላም ሙሉ በሙሉ ማመናቸውን እንጃ።

የምድጃው ዋና ክፋት ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የታወቀን። አንዴ ከተለኮሰ አይጠፋም። እንጨት ቢሆን ጎትተህ ታወጣዋለህ፤ ከሰል ቢሆን አመድ ታለብሰዋለህ። ይኼ ግን ሆዱ ውስጥ ያለውን በልቶ እስኪጨርስ ከቀትር እስከ ማምሻ ይነዳል። ውሃ ያፈሰስንበት ጊዜ እንኳ ቤቱ ለቀናት ጭስ ሲያመነጭ ከረመ። የገለባ ጆንያ ባለበት ቤት እሳት ብቻውን ትቶ መሄድም አይቻል። ስለዚህ ሕግ አወጣህ፤ ምድጃው ከተለኮሰ፣ እስኪበርድ ድረስ ከቤቱ ሰው አንዱ አጠገቡ ይቀመጣል። ዳንኤል ትምህርት ቤት እያለ ስንት ቀን ኳስ ጨዋታ ቀርቶበት ደብተሩን ይዞ እዚያ ተቀምጧል። አንተ ቡና መቀሸሪያ፣ እሱ ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ገበያ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ከምድጃው ጋር ተፋጥጬ መዋል ሆነ ሥራዬ።

ሦስት ሰው ስንት ይበላል? ድስታችን ቶሎ ይወርድና እሳቱ ባዶውን ይንቀለቀላል። አንተ ደግሞ ብክነት ማየት አትችልም። አንድ ቀን ተነስተህ ወጣህና ጎረቤቶቻችንን ሸምሲያንና እትዬ አስካለን ከነድስታቸው ይዘሃቸው መጣህ። ሸምሲያ ያን ጊዜ ገና ከጉራጌ አገር የመጣች ሙሽራ ነበረች፤ ባሏ ባለሱቅ ነው፣ የጭነት መኪናም አለው። እትዬ አስካለ ደግሞ ያኔም ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ጾም የማይፈቱ ሴት ናቸው። በማግስቱ ሌሎች ጨመሩ። ሳይቆይ ማድቤታችን የሰፈሩ ማድቤት ሆነ። አንዷ ስታወርድ አንዷ ትጥዳለች፤ ተራ የሚጠብቀው ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ የተቀመጠው ሁሉ ያወራል።

እዚህ ላይ ነው እኔን የበደልከኝ። ሸምሲያ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም፤ እኛም የእስላም ሥጋ አንበላም፤ እትዬ አስካለ ደግሞ ሁለት ቀን በልተው ሦስት ቀን የሚጾሙ ናቸው። በዚያች ጠባብ እሳት ዙሪያ ድስቶቹ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ሲቀመጡ የአንዱ መረቅ ገንፍሎ ወደ ሌላው እንዳይረጭ ብለህ ሰጋህ። ማንም ሳይጠይቅህ ሁለተኛ ሕግ አወጣህ፤ በዚህ ምድጃ ላይ ሁሉም ሰው የሚበላው ብቻ ይጣዳል። ሁሉም ሰው የሚበላው ደግሞ ምን አለ? ጎመን፣ ቦሎቄ፣ ድንች፣ ሲገኝ ምስር፤ ቆጮውን ለብቻ። በገዛ ቤቴ፣ ጾም በሌለው ሃይማኖት ውስጥ እየኖርኩ፣ ከበዓል ውጪ የሥጋ ወጥ ሽታው ናፈቀኝ። አንድ ቀን ይኼን ስነግርህ ጎመን ለደም ጥሩ ነው አልከኝ። ያን ቀን አላናገርኩህም።

ከሥጋውም በላይ ያጣሁት ሌላ ነገር ነበር። ከሥራ ስትመለስ ከአንተ ጋር ለብቻዬ ተቀምጬ አንድ ጉርሻ መብላት አልቻልኩም። ሁልጊዜ ሰው አለ። የማወራህ ነገር ሲኖረኝ ጓሮ ድረስ እየጎተትኩህ ሄጄ እንሰቱ ሥር ቆመን እናወራ ነበር። እንሰቱም ቢሆን ያንተን አመድና የበሰበሰ ገለባ እየበላ በልኩ ማደግ ትቶ መስኮታችንን ሸፈነው፤ ቤቱ ውስጥ በቀን ኩራዝ ማብራት ጀመርን። ቁረጠው ስልህ ትቆጣለህ። አማርኛህ ስትቆጣ ይጠፋብህ ስለነበር «አንተ ሴትዮ» ትለኛለህ። እኔም እሱን ስሰማ ስቄ እረሳዋለሁ። ይኼን ሆን ብለህ ታደርገው እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።

ከዚያ የቀበሌው ነገር መጣ። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የነበረበት ጊዜ ነው። በየቤቱ ተሰብስቦ መጸለይ እንኳን ለሌላው ለራስም አይነገርም ነበር። አንድ ጴንጤ ቤት ከቀትር በኋላ ሰው የተሸፈነ ነገር ይዞ እየገባ፣ እስኪመሽ ተቀምጦ፣ ባለቤቱም ምድጃውን እየነካካ መዝሙር እያንጎራጎረ፣ ሰው ምን ይበል? የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ከነጠመንጃቸው በር ላይ ቆሙ። ቦሎቄው ብቻ ይንተከተካል። ስብሰባው በማን ፈቃድ እንደሆነ ጠየቁ። አንተ ተነስተህ ስለ ገለባው፣ ስለ ዋንዛው፣ ስለ ጠርሙሱ ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት ጀመርክ። ባስረዳህ ቁጥር የሰዎቹ ፊት እየጠቆረ ሄደ። እውነትም ሰው እንዲህ ያለ ረጅም ነገር የሚያወራው ሲዋሽ ነው። የስብሰባው መሪ ማነው ብለው ሲጮሁ ከጥግ ሸምሲያ መለሰች። ያኔ ፈሪ ልጅ ነበረች፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

«መሪው ምድጃው ነው ጓድ» አለች። «እሱ ካልበቃው ማንም አይነሳም።»

አንደኛው አብዮት ጠባቂ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ ነፍሴ ተመለሰች። ክዳን እየከፈቱ ድስቶቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ጎመን፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቦሎቄ። ያም ሆኖ አንተን ይዘውህ ሄዱ። አላሳደሩህም፤ ግን እስክትመለስ ድረስ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ሴቶቹም ድስታቸው ወርዶ እንኳ አልሄዱም። እትዬ አስካለ እጄን ይዘው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙልኝ፣ ጴንጤ መሆኔን ረስተው ነው ወይስ ትተውት ነው አልጠየቅኳቸውም። ስትመለስ ፊትህ በደስታ በርቷል። ሊቀመንበሩ ነገሩን ሲያሰላስል ለደን ጥበቃ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘው፣ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንድታስረዳ አዞሃል። እኔ መሞትህን እያሰብኩ ነበር፤ አንተ ለንግግርህ ትዘጋጅ ነበር።

ሳይቆይ የሊቀመንበሩ ሚስትም ድስት መላክ ጀመሩ። ያውም የበግ ሥጋ። ሕጉን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? አንተ ድስታቸውን በክብር ተቀብለህ ሁሉም አብስሎ ካወረደ በኋላ፣ እሳቱ ሊበርድ ሲል ትጥደዋለህ። ሥጋው ለብ ብሎ ጥሬውን ይመለሳል። ደጋግመው ከላኩ በኋላ በራሳቸው ጊዜ ድንች ላኩ። ያን ጊዜ ነው ተንኮል እንደምታውቅ የገባኝ፤ ወደድኩህ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ዳንኤል ተመርቆ አዋሳ ሥራ ያዘ፣ አገባ። ከዚያ አመመህ። ሰው ጭሱ ነው የጎዳው ይላል፤ ምድጃው ላይ ሲያጎነብስ እየዋለ ነው ይላል። ሐኪሙ ግን ጉበትህ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ሐኪሙን ማመን መረጥኩ። የቀረ ዘመኔን ከአንድ ቆርቆሮ ጋር ተጣልቼ መኖር አልፈልግም። አንዳንዴ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ጥቁሩን ጣሪያ ቀና ብዬ ሳይ እናደድብሃለሁ። ትንሽ ራቅ ብትል ምን ነበረበት።

በለቅሶህ ጊዜ ሸምሲያ ሐዘንተኛውን ስታስተናግድ ከረመች፤ እትዬ አስካለ አጠገቤ አደሩ። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ግን ድስት ይዞ የሚመጣ ጠፋ። ሐዘን ቤት ላይ ድስት ተሸክሞ መግባት ነውር ነው ብለው፣ እኔን ማስቸገር ፈርተው ነው። እኔም ኑ አላልኳቸውም፤ ማረፍ እፈልግ ነበር። ዳንኤል አዲስ ቡታጋዝ ገዝቶ አመጣልኝ። ነጭ ጋዙን ከቀበሌ ሱቅ በራሽን እቀበላለሁ። ስፈልግ እለኩሳለሁ፣ ስፈልግ አጠፋለሁ። በራሶ፣ ያ የማጥፊያው ነገር እንዴት ደስ እንዳለኝ! የመጀመሪያ ቀን ወጥ ሠርቼ ስጨርስ ዝም ብዬ እለኩሰውና አጠፋው ነበር፣ እንደ ልጅ። የሠራሁት ምን እንደሆነ ትገምታለህ። የሥጋ ወጥ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ በላሁት፤ ጣፈጠኝ። በማግስቱም ሠራሁ፤ ጣፈጠኝ። አልዋሽህም፣ ለረጅም ጊዜ ጣፈጠኝ።

ከዚያ ግን መሥራት አስጠላኝ። ለአንድ ሰው የሚሆን ድስት የለኝም፤ ያሉኝ ሁሉ ትላልቅ ናቸው። የሠራሁት ይተርፋል፣ የተረፈው ይሻግታል። ቀኑን ሙሉ የማወራው ሰው ሳላገኝ ይመሽና ድምፄ ሲሻክር ይታወቀኛል። አንድ ቀን በሸምሲያ በር ሳልፍ እንጨት እየተራገፈ ነበር፤ ወፍራም፣ እርጥብ፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ ዋንዛ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። እትዬ አስካለ ደግሞ እንጨቱ ስለሚወደድባቸው በአንድ ጊዜ አብስለው ቀዝቃዛውን ሲበሉ እንደሚሰነብቱ ሰማሁ። ሁለቱንም አይቼ እንዳላየሁ ቤቴ ገባሁ።

ዳንኤል ነይ ሲለኝ እሺ ያልኩት ስለዚህ ነው። ሚስቱ መልካም ልጅ ነች፤ ክፍልም አዘጋጅተውልኛል። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ቁልፉን ማስረከብ ብቻ ነበር የቀረኝ። የሸምሲያ ባል መኪናው አናናስ ጭኖ በአዋሳ በኩል ስለሚያልፍ ዕቃዬን ከነእኔ ሊያደርስልን ቃል ገባ። አልጋውን ሰጠሁ፣ ወንበሮቹን ሰጠሁ። ምድጃህን ግን ማን ይወስደዋል ብዬ ሳስብ እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ። የመቀሸሪያው ሰዎች ገለባ አይከለክሏቸውም። ቀዝቃዛ ምግብ ከሚበሉ ይሄ ይሁንላቸው አልኩ።

ትናንት ጠዋት ጠራኋቸው። ያን ሁሉ ዓመት በእሳቱ አብስለዋል እንጂ አንድም ቀን ሞልተውት አያውቁም፤ ያ ያንተና የኔ ሥራ ነበር። ጓዳ የቀረችውን የመጨረሻ ጆንያ አወጣሁ። ጠርሙሱን አቆምኩ፣ ዱላውን ሰካሁ፣ ገለባውን እየጠቀጠቅኩ እንዲህ ነው፣ እንዲህ ነው እያልኩ አሳየኋቸው። ጠርሙሱን ስስብ ግድግዳው ሳይናድ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንተ ብታየው ደስ ይልህ ነበር። እትዬ አስካለ መለኮሱን እፈራለሁ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ከሥር ነው የሚለኮሰው፣ አጎንብሶ ነው። እንዴት እንደሚለኮስ ላሳያቸው ብዬ ክብሪት ጫርኩ። እጄ የለመደውን ሲሠራ ጭንቅላቴ የት እንደነበረ አላውቅም። እሳቱ በክፍተቱ ወጥቶ እምም ማለት ሲጀምር ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

ያን ሽታ ታውቀዋለህ። ልብስ ላይ የማይለቀው፣ ስንት ጊዜ ያማረርኩበት። ዓመት ሙሉ ከአፍንጫዬ ጠፍቶ ነበር። እሱ ሲመጣ አንተ ከሥራ የገባህ መሰለኝና ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ከዚያ አለቀስኩ። እትዬ አስካለ ጭሱ ነው፣ ጭሱ ነው እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ እሳቸውም ያለቅሱ ነበር።

በሩ ላይ ሸምሲያ ቆማለች። ሽታው ከቤቷ ድረስ ሄዶ ጠርቷታል። ልትሰናበተኝ የመጣች መስሎኝ ነበር፤ በእጇ ድስት ይዛለች። ጣደችው። ድንች ነው። እትዬ አስካለም ወጥተው ተመለሱ። ሌሎቹም መምጣት ጀመሩ፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ተራ የሚጠብቀው እንደ ድሮው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። የሸምሲያ ባል መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩንባውን ይነፋል፤ የገዛ ሚስቱ ድንች እሳት ላይ መሆኑን አያውቅም።

ዳንኤል እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ገባ። ዕቃውን ሲጭን ነው ያረፈደው።

«እማዬ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» አለኝ።

«ዳኒ፣ ምድጃው ተለኩሷል» አልኩት።

ብዙ ልለው አስቤ ነበር። አዋሳን እንዳልጠላሁ፣ ሚስቱን እንደምወዳት፣ አርጅቼ እየነዘነዝኩ እንዳልሆነ። አንዱንም ማለት አላስፈለገኝም። ልጅህ ምድጃውን አየው፣ ጠርሙሱን አየው፣ ተደርድረው የተቀመጡትን ሰዎች አየ። ሕጉን ማንም አላስታወሰውም። ወጣና የጫነውን ዕቃዬን አውርዶ ተመለሰ። የአናናሱን መኪና ሂድ አለው። ከዚያ ደብተሩን ይዞ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ፣ ወንበሮቹን ስለሰጠኋቸው መሬት ላይ፣ ረጃጅም እግሮቹን አጥፎ ተቀመጠ። እስኪበርድ ድረስ አልተነሳም። ጎመን በቦሎቄ በላ፤ አልወደደውም፤ በሱ እንኳ እኔን ነው የመሰለው።

ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ ሄደ። በዓል በዓል ልመጣለት፣ እሱም በየወሩ ሊያየኝ ተስማማን። ቅር እንዳለው አልደበቀኝም። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼው ስመለስ በመቀሸሪያው በኩል አለፍኩና ገለባ እንደምወስድ ተናግሬ መጣሁ። ዘበኛው ያንተን ስም አንስቶ፣ እማማ፣ እኛ ደግሞ ሄደዋል ብለን ነበር አለኝ። ወንበሮቹም አንድ በአንድ እየተመለሱ ነው፤ የወሰዷቸው ሰዎች ለነሱም መቀመጫ መሆኑን አውቀዋል። ጆንያዎቹን ግን መኝታ ቤት አላስገባም። አንተ በሌለህበት ክፍል ከገለባና ከአይጥ ጋር አላድርም፤ ሸምሲያ ሱቃቸው ኋላ ቦታ እሰጣለሁ ብላለች።

እንግዲህ የቀረ ዘመኔን ዓይኔ እያለቀሰ፣ ልብሴ እየሸተተ፣ ቤቴ ሰው እየሞላ ልኖር ነው። ይኼን ሁሉ ያመጣኸው አንተ ነህ። ለብቻዬ ከአንተ ጋር ሳልበላው የቀረሁት አንድ ጉርሻ እስካሁን ይቆጨኛል፤ እሱን ማንም አይመልስልኝም፣ ምድጃውም አይመልስልኝም። ግን ቃል እገባልሃለሁ፤ ጠርሙሱን ከገለባው መሃል በሳብኩ ቁጥር፣ ግድግዳው ሳይናድ ሲቆምልኝ፣ ማንም ሳይሰማ በራሶ እልሃለሁ። የዱመርሶው ጉቶም ከጎኑ አቆጥቁጧል አሉ፤ ዝናቡ ሲያባራ ሄጄ አየውና እጽፍልሃለሁ።

ቡታጋዙን ግን አልሰጠሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ምድጃህ ያርፋል፣ በሬን እዘጋለሁ፣ የሥጋ ወጤን እሠራለሁ። ለሁለት ሰው ነው የማቀርበው። ያንተንም እኔ እበላዋለሁ።

የምትወድህ፣ «አንተ ሴትዮ» ያልካት ባለቤትህ